ፈንገስ ተመጋቢ ኦርኪድ

ፈንገስ ተመጋቢ ኦርኪድ ምግቡን በፀሐይ ብርሃን ራሱ ከማዘጋጀት ይልቅ ወደ ሥሩ ከሚገባ የአፈር ፈንገስ የሚያገኝ የኦርኪድ ዓይነት ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ኦርኪዶች አረንጓዴ ቅጠል የላቸውም። የዓመቱን ትልቁን ክፍል ከመሬት በታች ያሳልፉና ለማበብ ብቻ ለጥቂት ሳምንታት ብቅ ይላሉ። በኦርኪድ ቤተሰብ ውስጥ ካሉት 28,000 ያህል ዝርያዎች መካከል ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ መንገድ የሚኖሩት ከ200 በላይ ናቸው።

ይሁን እንጂ ከፈንገስ መመገብ የእነዚህ ጥቂት ዝርያዎች ብቻ ጠባይ አይደለም። በዱር የሚበቅሉ ኦርኪዶች በሙሉ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ላይ የሚያብቡትን አረንጓዴዎቹን ጨምሮ፣ ከዘር ሲነሱ የመጀመሪያ ምግባቸውን የሚያገኙት ከፈንገስ ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ኦርኪድ በአንድ ቦታ መኖር መቻሉን የሚወስነው ከላይ የሚታየው ዛፍና ሣር ብቻ ሳይሆን በአፈሩ ውስጥ ያለው ሕይወት ጭምር ነው።

ስያሜ

«ኦርኪድ» የሚለው ስም የመጣው «ኦርኪስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። የቃሉ ትርጉም የወንድ ፍሬ ሲሆን፣ ስሙ የተሰጠው በአንዳንድ የሜዲትራኒያን አካባቢ ኦርኪዶች ሥር ላይ ጥንድ ሆነው የሚታዩትን ድቡልቡል ኮረቶች በማየት ነው።

ከፈንገስ የሚመገቡ ተክሎች በሳይንስ «ማይኮሄትሮትሮፍ» ይባላሉ። «ማይኮ» ፈንገስን፣ «ሄትሮ» ሌላን፣ «ትሮፍ» ደግሞ መመገብን ያመለክታል። ቀደም ባሉት መጻሕፍት እነዚህ ተክሎች «ሳፕሮፋይት» ማለትም ከበሰበሰ ነገር የሚመገቡ ተክሎች ተብለው ይጠሩ ነበር። ይህ አጠራር የተሳሳተ ነው፤ የወደቀ ቅጠልና እንጨት አብላልቶ ምግብ የሚያወጣው ፈንገሱ እንጂ ተክሉ አይደለምና። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆናታን ሊክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ሰፊ ጽሑፍ የቀድሞው ስያሜ እንዲቀር ተከራክረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማይኮሄትሮትሮፍ የሚለው ቃል የተለመደ ሆኗል።

የተክሉ አካል

አረንጓዴ ተክል ቀለሙን የሚያገኘው ክሎሮፊል ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ክሎሮፊል የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር እንዲሠራ ያደርጋል፤ ይህ ሂደት ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል። ሙሉ በሙሉ ከፈንገስ የሚመገብ ኦርኪድ ብርሃን አስተፃምሮን ትቷል። ግንዱ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም ቡናማ ሲሆን፣ ቅጠሉ ወደ ትንንሽ ቅርፊት ተለውጧል። ብዙ ውሃ ስለማያተን ሰፊ የሥር መረብ አያስፈልገውም። በምትኩ ሥሩ ወይም ከመሬት በታች ያለው ግንዱ ወፍራምና አጭር ነው፤ ለፈንገሱ ማደሪያ፣ ለተክሉም የስንቅ ጎተራ ሆኖ ያገለግላል።

ለውጡ እስከ ዘረ መል ድረስ ይዘልቃል። በአረንጓዴ ተክል ክሎሮፕላስት ውስጥ ያለው ዘረ መል በአብዛኛው 150,000 ያህል ፊደላት ሲኖሩት፣ ኤፒፖጊየም ሮዚየም በሚባለው ፈንገስ ተመጋቢ ኦርኪድ ግን ወደ 19,000 ዝቅ ብሏል። ከብርሃን ምግብ ለመሥራት ያገለግሉ የነበሩት ክፍሎች ሥራ ስላጡ ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠፍተዋል። እንዲህ ያለ ተክል ፀሐይ ላይ ቢወጣም ወደ ቀድሞው አኗኗር መመለስ አይችልም።

አመጋገብ

ከዝናብ በኋላ በጫካና በግጦሽ መሬት የሚታየው እንጉዳይ ወይም የጅብ ጥላ የፈንገሱ ትንሽ ክፍል ነው፤ የሚያገለግለውም ለመራባት ነው። ዋናው የፈንገስ አካል በአፈር፣ በበሰበሰ ቅጠልና በእንጨት ውስጥ የተዘረጋ እጅግ ቀጭን የክሮች መረብ ነው። እነዚህ ክሮች ወደ ኦርኪዱ ሥር ገብተው በሕዋሳቱ ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ልቃቂት ይሆናሉ። ከጊዜ በኋላ የኦርኪዱ ሕዋስ ልቃቂቱን ያፈጨዋል፤ በዚህ መንገድና ክሮቹ በሕይወት ሳሉ በሚደረገው ልውውጥ ስኳር፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ተክሉ ያልፋሉ። ቀጥሎ ሌሎች ክሮች ይገባሉ፤ አንዱ ሕዋስ ይህን ደጋግሞ ሊያደርግ ይችላል።

የተክል ሥርና የፈንገስ ትስስር ማይኮራይዛ ይባላል። አብዛኞቹ የምድር ተክሎች ይህ ትስስር አላቸው። በተለመደው መልኩ ውሉ የሁለትዮሽ ነው፤ ፈንገሱ ውሃና ማዕድን ከሩቅ ስቦ ያመጣል፣ ተክሉ ደግሞ በብርሃን ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል። ፈንገስ ተመጋቢው ኦርኪድ ግን ማዕድኑንም ስኳሩንም ይወስዳል፤ በምላሹ ለፈንገሱ የሚሰጠው ጥቅም አልተገኘም።

ፈንገሱ ራሱ ስኳሩን የሚያገኘው ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ደኖች የሚገኙት አብዛኞቹ ፈንገስ ተመጋቢ ኦርኪዶች የሚጠቀሙባቸው ፈንገሶች ከኦክ፣ ከቢች፣ ከበርች ወይም ከፓይን ዛፎች ሥር ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ስለዚህ ምግቡ ከዛፉ ወደ ፈንገሱ፣ ከፈንገሱም ወደ ኦርኪዱ ይሄዳል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ኦርኪድ በተዘዋዋሪ የሚበላው በዛፉ ጫፍ ላይ ያረፈውን ፀሐይ ነው። በሞቃታማ ደኖች ያሉ ብዙዎቹ ደግሞ የሚጠቀሙት የወደቀ ቅጠልና ግንድ በሚያበሰብሱ ፈንገሶች ነው።

ከዘር እስከ አበባ

የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ በአማካይ 0.3 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የአንዲት ጤፍ ክብደት ግን በአሥሮች፣ አልፎም በመቶዎች ከሚቆጠሩ የኦርኪድ ዘሮች ጋር ይተካከላል። አንድ የኦርኪድ ፍሬ ከሺዎች እስከ ሚሊዮኖች የሚደርሱ ዘሮችን ይይዛል፤ ነፋስም በቀላሉ ይበትናቸዋል።

ለዚህ ቅለት የተከፈለው ዋጋ ስንቅ ማጣት ነው። ባቄላ ወይም ስንዴ ሲዘራ ቅጠል እስኪያወጣ የሚበቃው ምግብ በዘሩ ውስጥ አለ። የኦርኪድ ዘር ግን ጥቂት ሕዋሳት ካሉት ሽልና ከስስ ሽፋን በቀር ይህ ነው የሚባል ምግብ አልያዘም። የሚስማማው ፈንገስ ካላገኘው በአፈር ውስጥ ይቀራል። ፈንገሱ ሲገባበት ሽሉ ያብጥና ፕሮቶኮርም የሚባል ቅጠልም ሥርም የሌለው ትንሽ እብጠት ይሆናል። ይህ እብጠት ለወራት ወይም ለዓመታት ከመሬት በታች በፈንገሱ ምግብ ያድጋል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ በሦስት ይከፈላል።

• አረንጓዴ ኦርኪዶች ቅጠል አውጥተው ራሳቸውን ይችላሉ። በአውሮፓ በሚበቅል ጉድየራ ሬፔንስ በተባለ ኦርኪድ ላይ የተደረገ ጥናት፣ ያደገው ተክል ለፈንገሱ ስኳር መልሶ እንደሚሰጥ አሳይቷል። በሕፃንነቱ የተበደረውን ሲያድግ ይከፍላል ማለት ነው።

• ከፊል ፈንገስ ተመጋቢዎች አረንጓዴ ቅጠል ቢኖራቸውም ከፈንገስ መውሰዳቸውን አያቆሙም። በጫካ ጥላ የሚኖሩ የሴፋላንቴራና የኤፒፓክቲስ ወገን ኦርኪዶች በዚህ ክፍል ይገኛሉ።

• ሙሉ ፈንገስ ተመጋቢዎች ቅጠል ሳያወጡ የሕፃንነት አመጋገባቸውን እስከ ሞት ይቀጥላሉ። አበባቸውን የሚያወጡት በቂ ስንቅ ካጠራቀሙ በኋላ ነው፤ ባላጠራቀሙበት ዓመት ከመሬት በታች ይቆያሉ።

የምርምር ታሪክ

«ማይኮራይዛ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣው ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ፖላንዳዊው ፍራንሲሼክ ካሚየንስኪ ሞኖትሮፓ የተባለውን ነጭ ተክል አጥንቶ፣ ተክሉ ምግቡን የሚያገኘው በሥሩ ዙሪያ ካለ ፈንገስ መሆን እንዳለበት ገልጿል። ሞኖትሮፓ ኦርኪድ ባይሆንም አኗኗሩ ተመሳሳይ ነው።

ኦርኪድን በሚመለከት ዋናው ግኝት የፈረንሳዊው ኖኤል በርናር ነው። በርናር እ.ኤ.አ. በ1899 በፎንቴንብሎ ጫካ በቅጠል ተሸፍኖ የቆየ የወፍ ጎጆ ኦርኪድ አገኘ፤ ዘሮቹ እዚያው በፍሬው ውስጥ በቅለው ነበር። ቡቃያዎቹን በአጉሊ መነጽር ሲመረምር ሁሉም ፈንገስ ገብቶባቸው አየ። በዚህም የኦርኪድ ዘር እንዲበቅል ፈንገስ እንደሚያስፈልገው ተረዳ፤ ኋላም በቤተ ሙከራ አረጋገጠው። በርናር እ.ኤ.አ. በ1911 ገና በ36 ዓመቱ አረፈ።

አሜሪካዊው ሉዊስ ክነድሰን እ.ኤ.አ. በ1922 የኦርኪድ ዘር ስኳር ባለበት ማብቀያ ላይ ያለ ፈንገስ መብቀል እንደሚችል አሳየ። ይህ ዘዴ ለአበባ ንግድ ትልቅ በር ከፈተ። የበርናርን ግኝት ግን አልሻረም፤ በዱር ስኳሩን የሚያቀርበው ፈንገሱ ነውና።

ምግቡ ከዛፍ እንደሚመጣ የታየው በጨረር አመንጪ ካርቦን ነው። ስዊድናዊው ኤሪክ ቢዮርክማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጥናት ምልክት የተደረገበት ስኳር በዛፎች ውስጥ አስገብቶ፣ በአቅራቢያቸው ባለው ሞኖትሮፓ ውስጥ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ካርቦን ከበርችና ከአኻያ ችግኞች ተነሥቶ በፈንገስ በኩል ኮራሎራይዛ ወደተባለው ኦርኪድ እንደሚደርስ አሳዩ።

የታወቁ ዝርያዎች

የወፍ ጎጆ ኦርኪድ (ኒዮቲያ ኒዱስ አቪስ) በአውሮፓ ጥላማ ደኖች የሚገኝ ቡናማ ተክል ነው። ስሙን ያገኘው የተወሳሰቡት ወፍራም ሥሮቹ የወፍ ጎጆ ስለሚመስሉ ነው።

የመንፈስ ኦርኪድ (ኤፒፖጊየም አፊለም) ለብዙ ዓመታት ሳይታይ በመቆየት ይታወቃል። በብሪታንያ ከ1986 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ስላልታየ ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ በ2009 ግን አንድ ተክል አብቦ ተገኘ። የቅርብ ዘመዱ ኤፒፖጊየም ሮዚየም ከአፍሪካ ሞቃታማ ደኖች አንሥቶ በእስያ በኩል እስከ አውስትራሊያ ይደርሳል።

ሪዛንቴላ ጋርድነሪ የምዕራብ አውስትራሊያ ተክል ሲሆን፣ አበባውን ጭምር የሚያወጣው ከመሬት በታች ነው። መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 መሬት ሲታረስ ነው።

ጋስትሮዲያ ኤላታ በቻይና ባህላዊ ሕክምና «ቲያንማ» ይባላል። ገበሬዎች የሚያመርቱት አርሚላሪያ የተባለ ፈንገስ የገባበትን እንጨት አብረው በመቅበር ነው። ፈንገሱን ሳያለሙ ኦርኪዱን ማምረት አይቻልም። የዚሁ ወገን አባል የሆነችው ጋስትሮዲያ አግኒሴለስ ከማዳጋስካር ተገኝታ እ.ኤ.አ. በ2020 በሳይንስ ተሰይማለች።

በኢትዮጵያና በደቡብ ጎንደር ደጋ

በኢትዮጵያ ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋትን በሚመዘግበው ተከታታይ መጽሐፍ 6ኛ ቅጽ (እ.ኤ.አ. 1997) ውስጥ ይገኛሉ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰንም እ.ኤ.አ. በ2004 ለመስክ የሚያገለግል የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መምሪያ አሳትመዋል።

የደቡብ ጎንደር ምድር ከጣና ዳርቻ ሜዳና ከወንዛዬ ፍል ውሃ አካባቢ ተነሥቶ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር በኩል ከ4,100 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው የጉና ተራራ ይወጣል። አካባቢው ለዕፅዋት ጥናት አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ ረጅም ዘመን የኖረው ጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ሴባስቶፖል መድፍ በተሠራበት በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ዕፅዋት ሰብስቧል። እሱ የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ዛሬም በአውሮፓ የዕፅዋት ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

በኢትዮጵያ ደጋዎች በሣር ሜዳና በቁጥቋጦ መካከል የሚበቅሉት የሀበናሪያ፣ የሳቲሪየም፣ የዲሳና የሆሎትሪክስ ወገን ኦርኪዶች አረንጓዴ ናቸው። በጋውን በኮረት መልክ ከመሬት በታች ያሳልፉና ዝናብ ሲገባ ቅጠል ያወጣሉ። ከፊል ፈንገስ ተመጋቢዎች ያሉበት የኤፒፓክቲስ ወገንም በኢትዮጵያ ዝርያ አለው። ሁሉም ግን ከዘር ሲነሱ እንደ ወፍ ጎጆ ኦርኪድ ያለ ፈንገስ አይበቅሉም።

የአካባቢው ደን የሥር ትስስር ከአውሮፓው ይለያል። ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች ውስጥ ያሉትን ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ብሳናና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች መርምረው፣ ከሥራቸው ጋር የተሳሰሩት አርበስኩላር የሚባሉ እንጉዳይ የማያወጡ ፈንገሶች መሆናቸውን አሳይተዋል። የአውሮፓዎቹ ፈንገስ ተመጋቢ ኦርኪዶች የሚደገፉት ደግሞ እንደ ኦክና ቢች ባሉ ዛፎች ሥር ላይ በሚኖሩ ሌላ ዓይነት ፈንገሶች ነው። ስለዚህ የወፍ ጎጆ ኦርኪድን የመሰለ ተክል ወደ ወይራና ጽድ ደን ቢወሰድ፣ ጥላውና እርጥበቱ ቢስማማውም የሚመግበው ማዕድ አይኖርም።

ከሌሎች ቅጠል አልባ ተክሎች የሚለይበት

ቅጠል ወይም አረንጓዴ ቀለም የሌለው ተክል ሁሉ ፈንገስ ተመጋቢ አይደለም።

• ኦሮባንኪ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች ባቄላን የሚጎዳ ቅጠል አልባ አረም ነው። በፈንገስ በኩል ሳይሆን የራሱን አካል በቀጥታ ከባቄላው ሥር ጋር አጣብቆ ይመጥጣል።

• አቀንጭራ ማሽላን በተመሳሳይ መንገድ ያጠቃል። ከመሬት ሲወጣ ግን አረንጓዴ ቅጠል አለው።

• ተቀጽላ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ተክል ሲሆን፣ ከዛፉ በዋናነት የሚወስደው ውሃና ማዕድን ነው።

• ማይክሮሲሊያ ግሎቡሎሳ በኢትዮጵያ በዛፍ ላይ የሚገኝ ቅጠል አልባ ኦርኪድ ነው። ነገር ግን ክሎሮፊል ያላቸው ሥሮቹ እንደ ቅጠል ሆነው በብርሃን ምግብ ይሠራሉ።

ፈንገስ ተመጋቢ ኦርኪድ የሚታወቀው መሬት ላይ፣ ብዙ ጊዜም በጥላና በበሰበሰ ቅጠል መካከል በመብቀሉ፣ ከሌላ ተክል ሥር ጋር ባለመጣበቁና የኦርኪድ አበባ ስላለው ነው። የአበባው መለያ ሦስት የውጭና ሦስት የውስጥ ክፍሎች መኖራቸው፣ ከውስጦቹ አንዱ (ከንፈር የሚባለው) ከሌሎቹ በቅርጽ መለየቱ፣ እንዲሁም የወንዴና የሴቴ አካላቱ በአንድ ዓምድ ላይ መጣመራቸው ነው። ተመራማሪዎች በተክሉ ውስጥ ያለውን የካርቦንና የናይትሮጅን አይሶቶፕ መጠን በመለካት ምግቡ ከፈንገስ ምን ያህል እንደመጣ ያረጋግጣሉ።

ጥበቃ

የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ፣ ኢትዮጵያም አባል በሆነችበትና ለአደጋ የተጋለጡ ዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ስምምነት ሥር ይገኛል። ፈንገስ ተመጋቢዎቹን ግን ከንግድ መጠበቅ ብቻውን አያድናቸውም። ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ወይም ወደ ማሰሮ ማዛወር ከፈንገሱ ስለሚለያቸው አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋቸዋል። አበባው ለዓመታት ባለመታየቱ «እዚህ ምንም የለም» ተብሎ ደን ከተመነጠረም በአፈሩ ውስጥ የቆየው ተክል አብሮ ይጠፋል።

ይህ ለአረንጓዴዎቹ ኦርኪዶችም ይሠራል። ያደገው ተክል ግጦሽንና የአፈር መለወጥን ለጥቂት ዓመታት ይቋቋም ይሆናል፤ ዘሩን የሚያበቅለው ፈንገስ ከጠፋ ግን ተተኪ አይኖረውም። አበባ እየታየ ዘሩ መቋረጡ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

በደቡብ ጎንደር የቀረው አገር በቀል ደን በአብዛኛው የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ በደብረ ታቦር አቅራቢያ እንዳለው የዓለም ሳጋ ደን ያሉ ጥብቅ ቦታዎችም አሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በዞኑ በሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ከብት እንዳይገባ በተደረገባቸው ቦታዎች የዛፍ ችግኝ የተሻለ እንደሚተርፍም አሳይተዋል። በአንዳንድ አድባራት ዙሪያ የሚሠራው የድንጋይ ካብ ዓላማም ይኸው ነው።

ካቡ የሚጠብቀው ችግኙን ብቻ አይደለም። በዛፎቹ ሥር ለዘመናት የተደራረበው ቅጠል፣ የወደቀው ግንድና ያልታረሰው አፈር የፈንገሶች መኖሪያ ናቸው። ዛፍ ተቆርጦ ሌላ ሊተከል ይችላል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው የክሮች መረብ ግን አንድ ጊዜ ከታረሰና ከተጠረገ በኋላ ችግኝ በመትከል ብቻ አይመለስም።